የልጅቷ ውሃ

የባትሪ አሲድ ሽታ ሌላውን ሰው ምን እንደሚያደርገው አላውቅም፤ እኔን ያናድደኛል። ባለፈው ሳምንት የልጄ የሰሚራ መኪና አልነሳ አለ። ሰሚራ አረብ አገር፣ ኹበር ከተማ ውስጥ አል ዑለያ ሰፈር ትኖራለች፤ ሆስፒታል ነርስ ናት። እኔን ለማምጣት አገር ቤት ከርማ ስትመለስ፣ መኪናዋ ፀሐይ ላይ እንደ ቆመ ባትሪው አልቆ ጠበቃት። ጎረቤቷ ከራሱ መኪና በገመድ አስነሳላትና ወደ ደማም፣ የመጀመሪያው ኢንዱስትሪ ከተማ ወደሚሉት ሰፈር ሄድን። ከባትሪ ቤቱ ደጅ ገና ሳንወርድ ሽታው ደረሰኝ። ከጋለ ብረት ጋር የተደባለቀ፣ የሚኮመጥጥ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ነው። ጥርሴን ነከስኩ።

ባለቤቱ ጀማል የሚባል የወሎ፣ የሐርቡ ሰው ነው፤ ጢሙን ሽበት ጀምሮታል። አማርኛ ስናወራ ሰምቶ ወንበር አወጣልኝ። ባትሪውን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና አልሞተም፣ ባዶውን ስለ ከረመ ነው አለን። ከቻርጀሩ ጋር አገናኘውና መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው አዞረው።

«ሻይ ጠጥታችሁ እስክትጨርሱ ባትሪው ይፈላል፣ እማማ» አለኝ።

ሰሚራ ሳቀች። «እማዬን ከባትሪው አርቃት» አለችው። «ልጅ ሆና ቆሻሻ ውሃ ባትሪ ውስጥ አስጨምራ፣ ቤተሰቡን በሙሉ ከደማም ያስባረረችው እሷ ናት።»

ጀማልም ሳቀ። ይህ ቀልድ በቤታችን ከእኔ ጋር አብሮ አርጅቷል። በሰርግ ተነግሯል፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ፣ ሰው ሐዘኑን ቀለል እንዲያደርግ ተብሎ ተነግሯል። እኔ ስቄበት አላውቅም። ተቆጥቼበትም አላውቅም። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የቻርጀሩን ጉምጉምታ ሳዳምጥ ግን ሁሉም ነገር እንደ ትናንት ሆነብኝ።

አባቴ ደማም ባትሪ ቤት ይሠራ ነበር፤ ያን ዓመት ካፊሉን፣ ማለት አሠሪውን፣ ለምኖ እናቴንና እኔን ከወሎ አስመጣን። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ካፊል የሰውየው ስም ይመስለኝ ነበር፤ ሁሉም ሰው ካፊል መጣ፣ ካፊል ሄደ ይላልና። ስሙ አቡ ፈሃድ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ባትሪ ቤቱ ከወደቡ አጠገብ ነበር። የዓሣ አጥማጆች የእንጨት ጀልባዎችና የጭነት መኪናዎች ባትሪ ይመጣለታል። እኛ የምንኖረው ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። አየሩ ከመርጠቡ የተነሣ እናቴ ያጠበችው ልብስ ገመድ ላይ ውሎ እንደ ረጠበ ይመለሳል፤ ስንለብሰው ሰውነታችን ላይ ጨው ጨው ይላል። የአባቴ ሱሪና ሸሚዝ ደግሞ በየቦታው የተበሳሳ ነበር። አይጥ ይበላብናል ብዬ አንሶላዬን እግሬ ሥር ጠቅልዬ እተኛ ነበር። አሲድ ልብስ እንደሚበላ የነገረኝ አልነበረም።

አባቴ ይማም ቀስ ያለ ሰው ነው። ባትሪ ሲመጣለት መጀመሪያ ላዩን በሶዳና በሞቀ ውሃ ያጥባል፤ ጫፎቹ ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር ይፍቃል። ከዚያ ክዳኖቹን አንድ በአንድ ይፈታል። ጎማ ባለው የመስታወት ቱቦ አሲዱን መጠጥ አድርጎ ብርሃን ላይ ያየዋል። ቱቦው ውስጥ ተንሳፋፊ አለች። ከፍ ካለች ባትሪው ጠግቧል፤ ከሰመጠች ርቦታል። እኔ ተንሳፋፊዋን በሕይወት ያለች ዓሣ አድርጌ ነበር የማያት። የሰመጠች ቀን ታማለች ብዬ አዝናለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ቻርጀሩን የሚከፍተው፤ እሱንም ዝቅ አድርጎ። ከጠዋት እስከ ማግስቱ ጠዋት ይተወዋል። በመካከሉ እየተመላለሰ፣ እናቴ ትኩሳቴን እንደምታየው፣ በእጁ ጀርባ የባትሪውን ጎን ይነካል። ከሞቀ ያጠፋውና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። ለምን አይፋጠንም ብዬ ብጠይቀው፣ እንዲህ ባለ ሙቀት አገር የተቻኮለ ባትሪ ሲፈላ የሞላ ይመስላል እንጂ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ዝርጎች እየተጣመሙ፣ እየረገፉ ነው አለኝ። ባዶውን ማሳደርም አይወድም ነበር። ባዶውን የከረመ ባትሪ ውስጡ ነጭ ይለብሳል፤ ከዚያ በኋላ ብትሰጪውም አይቀበልሽም ይላል። እኔ ይህን ሁሉ ስለ ሰው የሚናገር ይመስለኝ ነበር።

በባትሪዎቹ ላይ በአንድ ወገን የመደመር፣ በሌላው ወገን የመቀነስ ምልክት አለ። የመደመሩ ምልክት መስቀል ስለ መሰለኝ፣ እያንዳንዱ ባትሪ አንድ ወገኑ ክርስቲያን፣ አንድ ወገኑ እስላም ነው ብዬ ወሰንኩ። አልገረመኝም። የእናቴ አጎት ቄስ ናቸው፤ በኛ አገር አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ይኖራል። አባቴ ሁለቱን ገመዶች እንዳይነካኩ ሲጠነቀቅ ሳይ ግን፣ እዚህ አገር አይስማሙም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

የኔ ሥራ ውሃ ማምጣት ነበር። የደማም የቧንቧ ውሃ ጨዋማ ነው፤ ባትሪ ይገድላል። የአቡ ፈሃድ ቢሮ መስኮት ላይ እዚህ ሙከይፍ የሚሉት የአየር ማቀዝቀዣ ነበረች፤ ለሰፈሩ ብቸኛዋ ሳትሆን አትቀርም። ከሥሯ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ አላት። አባቴ ከዚህ የጠራ የባትሪ ውሃ የለም አለና ቆርቆሮዬን አጥቦ እሷ ሥር አስቀመጠልኝ። እናቴ ነጭ ጨርቅ ሰጠችኝ። ቆርቆሮው ሲሞላ በጨርቁ አጥልዬ ክዳን ባለው ማሰሮ ውስጥ እገለብጠዋለሁ። አቧራ እንዳይገባበት፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ቆሜ እጠብቃለሁ። ሙከይፏ ስለ እኛ ብላ የሚያልባት ይመስለኝ ነበርና፣ ውሃውን ስወስድ ቀስ ብዬ አመሰግናታለሁ። ባትሪው ተሞልቶ ሲያበቃ አባቴ በማንኪያ እየለካ፣ ዝርጎቹ ሽፍን እስኪሉ ብቻ ይጨምርበታል። ደንበኛ ካለ ማሰሮውን እያሳየ ይሄ የልጄ ውሃ ነው ይላል። እኔ በዚያች ሰዓት ከደማም ወደብ የሚበልጥ ነገር ያለኝ ይመስለኛል።

በሱቁ ውስጥ ከአባቴ ሌላ ሐጂ እንድሪስ ነበሩ። የመንደራችን ሰው ናቸው፤ ብዙ ዓመት የኖሩ፣ አባቴንም ያስመጡት እሳቸው። ጢማቸውን ሂና ይቀባሉ፤ ልብሳቸው ላይ አንዲት ቀዳዳ የላትም። ደንበኛ አስቀምጦ ሻይ ማጠጣት፣ ማሣቅ፣ ዕቃውን አሁኑኑ ይደርስልሃል ብሎ መሸኘት ያውቁበታል። እኔን ወይዘሮ ይሉኛል። «የኔ ወይዘሮ፣ ዛሬስ ሙከይፏ በደንብ አለቀሰችልሽ?» ብለው ከኪሳቸው ከረሜላ ያወጣሉ። በጣም እወዳቸው ነበር።

ሐጂ ለባትሪ አንድ መንገድ ብቻ ነበራቸው። መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው አዙረው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ ደንበኛውን ጎንበስ አድርገው ያሳዩታል። «አየኸው? እየፈላ ነው። ባትሪ ከፈላ ሞልቷል።» ደንበኞች መፍላቱን ይወዱታል። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ያመጡትን ለተሲያቱ የዐስር ሶላት ይወስዱታል፤ ሐጂንም ይመርቋቸዋል። አባቴ ፊት ለፊት ተናግሯቸው አያውቅም። ሐጂ ለውዱ፣ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ሲወጡ ግን ቀስ ብሎ ይሄድና መቆጣጠሪያውን ዝቅ ያደርገዋል። ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ ያዩታል፤ ምንም ሳይሉ ከፍ ያደርጉታል። እንዲህ ነው ቀኑን ሙሉ። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች የሚጫወቱት ጨዋታ ይመስለኝ ነበርና አንዱ ሲወጣ አፌን በእጄ ይዤ እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያቃጥለኝ አንዱ ነገር ይህ ሳቅ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ይተዉት፣ ሐጂ፣ ያበላሻል ቢላቸው ኖሮ ስንት ነገር ይቀር ነበር።

ሙቀቱ በበረታበት ወቅት አንድ የጀልባ አለቃ፣ እዚህ ናኾዳ የሚሉት፣ ባትሪዎቹን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ቸኩሏል። አባቴ እስከ ነገ ቢቆዩ ይሻላል አለ። ሐጂ ሳቁበት፤ ይማም ባትሪ አይሞላም፣ ያስታምማል አሉት። ናኾዳውም ሳቀ። ባትሪዎቹ እየፈሉ፣ እንፋሎታቸው ጣሪያ እየነካ ሞሉ ተባለ። አባቴ አንዱን በእጁ ጀርባ ነካና እጁን ቶሎ ሰበሰበ። ከዚያ የጋሪውን ገመድ አብሮ አሰረ።

ናኾዳው ሲመለስ ሳቅ አልነበረም። ባሕር መሐል ባትሪው ሞቶ መብራት የለ፣ ሞተር አይነሳ፤ ትልልቆቹ መርከቦች በሚያልፉበት መንገድ ላይ በጨለማ ሲንሳፈፉ ሌላ ጀልባ አግኝቶ ጎትቷቸዋል። አብሮት የነበረ ወንድሙ ሞተሩን በእጁ ሊያስነሳ ሲታገል ክንዱ ተሰብሯል። ይህን ሁሉ እየጮኸ ለአቡ ፈሃድ ነገረው። አቡ ፈሃድ ክዳኖቹን አስከፈተ። ውስጡ ጥቁር ቡናማ ጭቃ ሆኗል። የረገፉት ዝርጎች ናቸው፤ አባቴ ስለ መርገፍ ነግሮኝ ስለ ነበር እኔም አውቄዋለሁ። ማሰሮዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

አቡ ፈሃድ ማን ነው የሠራው ብሎ ጠየቀ። የሐጂን ዓይን ተከተልኩት። በቻርጀሩ ላይ አለፈ፤ በአባቴ ላይ አለፈ፤ ከዚያ እኔ ዘንድ መጣና ማሰሮው ላይ ቆመ።

«ውሃው ነው» አሉ በአረብኛ። «ይህች ልጅ የምታመጣው ውሃ ነው። ቆሻሻ ነው፤ ባትሪውን ጭቃ አደረገው።»

አረብኛ ከአቡ ፈሃድ ልጆች ጋር ስጫወት ለምጄ ነበርና እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል። አልፈራሁም። አባቴ ነበራ። ወደ እሱ ዞርኩ።

አቡ ፈሃድ እውነት ነው ወይ፣ ይማም፣ አለው። አባቴ መሬት አየ። ረጅም ጊዜ አየ።

«እውነት ነው» አለ። «ልጅ ናት፤ አታውቅም።»

አቡ ፈሃድ የሱቅ ሥራ የልጅ መጫወቻ አይደለም አለ። ባትሪ ቤት ውስጥ ቤተሰብ ማስገባትም ከመጀመሪያው ስሕተት ነበር አለ። እጁን አራገፈ። «ኸላስ። ኹሩጅ።» ኸላስ በቃ ነው፤ ኹሩጅ ከአገር ውጡ ማለት መሆኑን ግን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ከሱቁ ውጡ ያለን መስሎኝ ቀድሜ ወጣሁና ደጅ ላይ ቆሜ አባቴን ጠበቅሁት።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ተጠልሎ ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ እናቴ ሁለት ድስቶች እሳት ላይ ጣደች። በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በአንዱ ከማሰሮዬ የተረፈውን ውሃ ጨመረች። ሻይም ቅጠልም የለበትም። እኔ የተኛሁ መስዬ ግድግዳው ሥር ነኝ። ውሃው ፈልቶ ፈልቶ አልቆ እስኪደርቅ ጠበቀች። ከዚያ ሁለቱንም አውርዳ አባቴ ፊት አስቀመጠቻቸው። የቧንቧው ውሃ ድስት ግርጌው ነጭ ጨው ጋግሯል። የኔው እንደ ታጠበ ያብለጨልጫል።

«እያቸው፣ ይማም» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ?»

«ሐጂ ሽማግሌ ናቸው። ካፊሉ ቢለቃቸው የት ይገባሉ? እኔን ያመጡኝ እሳቸው ናቸው።»

«እኛስ የት ልንገባ ነው? እሷስ?»

«እሷ ልጅ ናት» አለ አባቴ። «ልጅ ትረሳለች።»

እናቴ ሁለቱን ድስቶች አንስታ አጠበቻቸው። የኔን ለምን እንዳጠበችው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ንጹህ ነበር። በእሷም ተናድጃለሁ። ድስቶቹን ይዛ ወደ ካፊሉ ቢሮ መሄድ ትችል ነበር፤ ከበራችን እስከ ቢሮው ጥቂት እርምጃ ነው።

የምንሄድበት ቀን ሐጂ እንድሪስ ሊሸኙን መጡ። ቴምርና ለኔ የልብስ ጨርቅ ይዘዋል፤ አረንጓዴ፣ ወርቅማ ክር ያለበት። እናቴ ተቀበለቻቸውና ጥግ ላይ አኖረችው። አገር ቤት ስንደርስ በጨርቁ ወለል ነበር የምትወለውልበት። አባቴ ትከሻዬን ይዞ ወደ ሐጂ ገፋ አደረገኝ። በእኛ ዘንድ የሚለያይ ሰው ይቅርታ ተጠያይቆ፣ አፉ ተባብሎ ነው የሚለያየው፤ የበደለ ይጠይቃል፣ የተበደለ ይሰጣል።

«ሂጂ፣ ሐጂን አፉ በሉኝ በያቸው» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር። አላሾፈም።

«አፉ በሉኝ» አልኩ።

ሐጂ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። እጃቸው አሲድ አይሸትም፤ ሽቶ ነው የሚሸተው። «አፉ ብዬሻለሁ፣ የኔ ወይዘሮ» አሉኝ። «ልጅ ያጠፋል።»

ስለ ሐጂ ብዙ አላስብም። ፈሩ፤ የፈራ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ። አባቴ ግን አልፈራም ነበር። ባትሪ እንደሚሞላው ረጋ ብሎ፣ በእጁ ጀርባ ነካክቶ፣ አስቦ ነው እኔን የሰጠው። ከዚያ አገር ቤት ገብተን ለምን ተመለሳችሁ ያለውን ሰው ሁሉ እየሳቀ የዘሀራ ውሃ መለሰን ይለው ጀመር፤ ዘሀራ እኔ ነኝ። ሰውም ይስቃል። ይማም ሆደ ሰፊ ነው፣ ልጁን እንኳ አልቆጣም እያለ ያመሰግነዋል። ቀልዱ የተወለደው እንዲህ ነው።

አሁን በጀማል ባትሪ ቤት፣ ባትሪው ውስጥ ያለው ውሃ መንጫጫት ጀመረ። እንፋሎት ከክዳኖቹ ቀዳዳ ይወጣል። ጀማል ሰሚራን ጎንበስ አድርጎ እያሳያት ነበር። ከወንበሬ ተነስቼ ሄድኩና የባትሪውን ጎን በእጄ ጀርባ ነካሁት። ያቃጥላል።

«መቆጣጠሪያውን ዝቅ አድርገው» አልኩት።

«እማማ፣ ዝቅ ካደረግሁት እኮ ነገ ነው የሚደርስላችሁ።»

«ነገ እንመጣለን።»

«እማዬ፣ እኔ ነገ ተረኛ ነኝ» አለች ሰሚራ።

«በታክሲ ትሄጃለሽ።»

ጀማል እሷን አየ፤ እሷ እኔን አየች። ድምፄ ከፍ ብሎ ይሆናል፤ አላውቅም። ጀማል መጀመሪያ አጠፋው፤ እስኪቀዘቅዝ ልተወውና ዝቅ አድርጌ እከፍተዋለሁ አለ። መንጫጫቱ ቀስ በቀስ ቆመ።

«ውሃው ንጹህ ነበር» አልኩ።

«የቱ ውሃ?» አለች ሰሚራ።

እዚያው ቆሜ ነገርኳት። ስለ መቆጣጠሪያው፣ ስለ ናኾዳው፣ ስለ ሁለቱ ድስቶች፣ ስለ ሐጂ እጅ። ጀማል ሥራ የያዘ መስሎ ጀርባውን ሰጥቶን ይሰማ ነበር። ሰሚራ ቀልዱን ስንት ጊዜ እንዳወራችው እያሰበች መሰለኝ፤ ፊቷ ተለዋወጠ። አያቷን፣ አባቴን፣ ትወደው ነበር። የመጨረሻዎቹን ወራት ያስታመመችውም እሷ ናት።

«ግን እኮ ሲሞት አፉ ተባብላችኋል» አለች። «እኔ አጠገባችሁ ነበርኩ። ሁላችንንም በየተራ አፉ በሉኝ አለን። አንቺም አፉ ብዬሃለሁ ብለሽዋል። ሰምቻለሁ።»

«ብዬዋለሁ» አልኳት። «ስለ ቁጣው፣ ስለ ድካሙ፣ ስለ ሌላው ሁሉ ብዬዋለሁ። ውሃውን ግን ስም ጠርቶ አልጠየቀኝም። የረሳሁ መስሎት ይሆናል።»

ቦርሳዬን ከወንበሩ ላይ አነሳሁ።

«ያልጠየቀኝን አልሰጠሁትም።»